ጓዳው ውስጥ የታሰረችው ታንኳ

ለውድ እህቴ ለአይሪስ፣

እንዴት ከርመሻል? ያ የወገብሽ ሕመም ለቀቀሽ ወይስ አሁንም ከእንቅልፍሽ ይቀሰቅስሻል? ባልሽ ጎርደንስ ሳሉ ተሻለው? ማርጋሬትና ፒተር እንዴት ናቸው፤ በቁመት በለጡሽ ወይ? እናንተ ዘንድ፣ በዚያ ባሕር ማዶ፣ በጋው እየገባ ነው ብለሽኛል፤ ደስ ይበላችሁ። እኛ ዘንድ ጭጋግና ጭቃ ነው፤ ከቀትር በኋላ መብራት ሳይበራ መርፌ ክር አይገባለትም። እኔ በእግሬ እሄዳለሁ፣ የቀረበልኝንም እበላለሁ። ደህና ነኝ ብዬ ግን አልጽፍልሽም፤ እኔና አንቺ መዋሸት አልለመድንም። ጆይስ ከሥራዋ ስትወጣ በየቀኑ እየመጣች እሳቴን ታያለች፣ ከዚያም ዝም ብላ አጠገቤ ትቀመጣለች። ዝምታን ከአባቷ ነው የወረሰችው።

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። «በቴሌግራም ልጅ አይቀበርም፤ ሁሉንም ከመጀመሪያው ጻፊልኝ» ብለሻል፤ እውነትሽን ነው። ያን የፊተኛውን ደብዳቤዬን በንዴት ነበር የጻፍኩት፤ የሰው ስም ጠርቼ፣ ሌላውን ሁሉ ዘልዬ። ይኸኛውን ግን ሳምንት ሙሉ በመስኮቱ ብርሃን ትንሽ ትንሽ እያልኩ ነው የጻፍኩት። እጄ እንደ ድሮው አይፈጥንም፤ ልቤም እንደዚያው። ስለዚህ ነገሩ እንደሆነው፣ በተራው ይምጣልሽ።

ወሬው የደረሰኝ እሑድ ጠዋት ነው፤ ሴፕቴምበር አሥራ ሰባት። ቅዳሜ ለልጄ ለሌነርድ የጋገርኩለት የፕለም ኬክ በጨርቅ እንደ ተሸፈነ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ለቤተ ክርስቲያን ባርኔጣዬን ሳደርግ የፊት በር ተንኳኳ። የመንደራችን ሰው በጓሮ በር እንደሚገባ ታውቂያለሽ፤ የፊቱን በር የሚያንኳኳ መልካም ነገር ይዞ አይመጣም። ስከፍተው ፖሊሱ ቆቡን በእጁ ይዞ ቆሟል። ባለ ሱቋ ሚስስ ትሪግ ከጎኑ ሆና አፏን በመሐረብ ይዛለች። የልጄ ጀልባ፣ ሊኔት፣ በወደቡ አፍ ካለው የጠጠር ጉብታ ላይ በጎኗ ተኝታ ተገኝታለች፤ እሱ ግን አልተገኘም አሉኝ። የተገኘው በሦስተኛው ቀን ነው። ስለዚያ አልጽፍም።

ከእነሱ ኋላ፣ ከአጥሩ በር ውጭ፣ የባሌ የድሮ ጠበኛ ፓስክ ቆሞ ነበር። ሱሪው እስከ ወገቡ ርሷል፤ ውሃው ከጫማው ላይ ይንጠባጠባል። አልገባም። ወደ እኔ ሳይሆን ወደ ጫማው ሲያይ ቆይቶ ሄደ። እኔ በዚያች ሰዓት ልጄ ሞተ የሚለው ነገር ገና ጭንቅላቴ ውስጥ ሳይገባ፣ «ይህ ሰው እዚህ ምን ይሠራል?» ብዬ አሰብኩ። ጥርጣሬዬ ከሐዘኔ ቀድሞ ተወለደ ማለት ነው።

ማርጋሬት «የአክስቴ ልጅ ወደብ ደርሶ እንዴት ሰጠመ?» ብላ ጠይቃለች ብለሻል። አንቺ ታውቂዋለሽ፤ እሷ ግን ያን ጭቃ ሳታይ ያደገች ናትና ይህን አንብቢላት። የስቶርሲ ወደብ ውሃ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይሸሻል። ሲሸሽ ከሰርጡ መካከል በቀር ሁሉም ጭቃ ነው። የሌነርድ ጀልባ ከሥሯ ረጅም የብረት ክብደት ስላላት ጭቃ ላይ ከቀረች በጎኗ ትወድቃለች። ስለዚህ ሌሊቱን ሙሉ ውሃ የማይለየው፣ ነፋስም የማይደርስበት ማደሪያ ትፈልጋለች። እንዲህ ያለ ቦታ በእኛ ወደብ አንድ ብቻ ነው፤ ወደቡ ውስጥ ካለችው ደሴት ጀርባ ያለው፣ ጓዳው የምንለው። እዚያ ስድስት ማሰሪያዎች አሉ፤ እያንዳንዱ ውሃ ሥር ካለ ከባድ ድንጋይ ጋር በሰንሰለት የተያያዘ ተንሳፋፊ ነው፣ ባለቤትም አለው። መልሕቅ እዚያ አይጣልም፤ ታቹ የድሮ ሰንሰለት ስለሆነ የያዘውን አይለቅም።

የጓዳው ደንብ የትም አልተጻፈም፤ ግን የመንደሩ ሕፃን ሁሉ ያውቀዋል። ባለቤቱ ጀልባውን ይዞ ከሄደና ተንሳፋፊው ባዶውን ከቀረ፣ የመጣ ሰው ያድርበታል፤ ማንም ምንም አይለውም። ተንሳፋፊው ላይ ትንሽ ታንኳ ታስራ ከተገኘች ግን ባለቤቱ ዛሬውኑ ይመለሳል ማለት ነው፤ ትቷት የሄደው ሲመለስ ወደ ዳር ሊቀዝፍባት ነውና። ያንን ማሰሪያ የሚነካ ሰው በስቶርሲ ሰላም የሚለው አያገኝም። ልጄ ደግሞ እንኳን የሰው ማሰሪያ የሰው ወንበር የማይነካ ሰው ነበር። ይህን ያስተማርኩት እኔ ነኝ።

ያን ቅዳሜ ነፋሱ ከደቡብ ምዕራብ ነበር፤ ሬዲዮውም እየበረታ እንደሚሄድ ተናግሮ ነበር። ሌነርድ እንደ ልማዱ ከሚሠራበት ከተማ ተነሥቶ በውሃው ወደ እኔ ይመጣ ነበር። ጓዳው ውስጥ ማሰሪያ ካገኘ ጀልባውን አስሮ እኔ ቤት፣ በልጅነት አልጋው ላይ ያድራል። ካላገኘና መልሕቅ ከጣለ ግን ጀልባውን ትቶ አይወጣም፤ መልሕቅ በክፉ ነፋስ አይታመንም ይላል። ወደብ ላይ ወጥቼ እንዳልጠብቀውም ከልክሎኛል። «እማዬ፣ እንደ ጉምሩክ ሹም የጀልባ መውረጃው መድረክ ላይ ተገትረሽ ስትጠብቂኝ ጓደኞቼ ይስቁብኛል» ይለኝ ነበር፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ሆኖት። እኔም ቤቴ ተቀምጬ ኬኬን ጋገርኩ።

ሲገባ ያየችው ሚስስ ትሪግ ብቻ ናት፣ አመሻሹ ላይ የሱቋን መጋረጃ ስታወርድ። አምስቱ ማሰሪያዎች ላይ ጀልባ ነበር፤ በስድስተኛው ላይ ታንኳ ብቻ ታስራለች። ሁለት ጊዜ ዞረ፣ ታንኳዋን ቆም ብሎ አያት፣ ከዚያ ሸራውን አዙሮ ወጣ አለችኝ። ከጠጠሩ ጉብታ ጀርባ ሄዶ መልሕቁን ጣለ፤ ከደቡብ ምዕራብ ነፋስ ጉብታው ይከልላል። ሌሊት ግን ነፋሱ ወደ ሰሜን ምዕራብ ዞረ፤ በዚያ በኩል ከልካይ የለውም። ሁለተኛውን መልሕቅ በራሱ ታንኳ ጭኖ ሊጥል ሲሞክር ተገልብጦበት ነው አሉ። ስድስተኛው ማሰሪያ የፓስክ ነበር። የታሰረችው ታንኳም የፓስክ ነበረች። በዚያ ሌሊት ደግሞ ወደዚያ ማሰሪያ የተመለሰ ጀልባ አልነበረም፤ የፓስክ ጀልባ ከሁለት ሳምንት በፊት ወደ ጥገና ወጥታ፣ ሦስት ሳንቃ ከጎኗ ተነቅሎ፣ ደረቅ መሬት ላይ በድጋፍ ቆማ ነበር።

እንግዲህ ፍረጂ እህቴ። ጀልባ የሌለው ሰው ለማን ብሎ ነው ማሰሪያ የሚጠብቀው? እኔ ሌላ መልስ አላገኘሁም፤ ከክፋት በቀር። ፓስክን ታስታውሺዋለሽ፤ ከአርተር ጋር በማሰሪያ ቦታ የተጣላው ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ ባሌን ሰላም አላለውም። አርተር ሲቀበርም ከመቃብሩ ቅጥር ውጭ ቆሞ ነበር እንጂ አልገባም። ሰው ሳይገባ ደጅ የሚቆም ከሆነ ወይ ሌባ ነው ወይ የሚያፍርበት ነገር አለው ብዬ ያኔም ተናግሬ ነበር።

ሱቅ ስገባ ወሬው ሁሉ እሱ ነበር። ሚስስ ትሪግ በዚያ እሑድ ገና ጎህ ሲቀድ፣ ፖሊሱ እንኳ ሳይሰማ፣ ፓስክ ታንኳዋን ከማሰሪያው ፈትቶ ሲወስዳት በመስኮት አይታዋለች። «ማስረጃውን ሊደብቅ ነዋ» አልኳት። «እኔ ያየሁትን ነው፤ የቀረውን አንቺ በይው» አለች፤ ግን ፊቷ እንደ እኔው እያለ ነበር። ከኋላዬ የቆመችው ሴት ደግሞ «ፓስክ ማሰሪያውን እንደ ሚስት ነው የሚጠብቀው፤ ሚስትማ ማን ሊሰጠው» አለችና ሁሉም ሳቁ፤ እኔን ሲያዩ ሳቃቸውን ዋጡት። አይሪስ፣ ሰዎች ከእኔ ጋር ሆነው ሲጠሉት ደስ አለኝ። ሐዘኔ ተካፋይ ያገኘ መሰለኝ።

ሌላም የጠረጠርኩት ሰው ነበር፤ የማሰሪያዎቹን ሰንሰለት በየዓመቱ የሚፈትሸው ሽማግሌው ኔድ ካቲንግ። ጎረቤታችን ነው፤ አጥራችን አንድ ነው። ከቀብሩ በኋላ ግን እኔን ሲያይ መንገድ ይሻገራል። ቲማቲሙን ትቶ፣ ጓሮውን ትቶ፣ በዚያ በኩል ባለው በር መውጣት አቆመ። የሌነርድን ልብስ አጥቤ ሳሰጣ ከመጋረጃው ኋላ ሲያየኝ አገኘሁት፤ ሲነቃበት ጠፋ። «እነዚህ ሁለቱ አንድ ነገር ያውቃሉ» አልኳት ለጆይስ። «እማዬ፣ ሽማግሌው የሚለው ጠፍቶት ነው» አለችኝ። ሞኝ አደረገችኝ ብዬ ሁለት ቀን አኮረፍኳት።

ከጀልባው ውስጥ ባመጡልኝ የቆርቆሮ ሳጥን ውስጥ የሌነርድ ደብተር ነበር። ያደረበትን ቦታ ሁሉ በእርሳስ ጽፏል፤ ይህ ሰርጥ ለምሥራቅ ነፋስ ጥሩ ነው፣ ያኛው ታቹ ድንጋይ ነው መልሕቅ አይዝም፣ እዚህ ውሃው ሲሸሽ ሁለት ክንድ ብቻ ይቀራል እያለ። ስለ ጓዳው በጻፈው ገጽ «ታንኳ ያለበትን አትንካ» ብሎ ከሥሩ አስምሮበታል። ይህን ባነበብኩ ጊዜ ደብተሩን ዘግቼ ይዤው ወደ ፖሊሱ ሄድኩ። «ይኸው ልጄን የገደለው» አልኩት። ሻይ አፈላልኝና አዳመጠኝ፤ ምንም አልጻፈም።

የሞቱ ምርመራ በኦክቶበር መጀመሪያ ተሰማ። መርማሪው ዳኛ ፓስክን ታንኳዋን ያሰርካት አንተ ነህ ወይ ብሎ ጠየቀው፤ እኔ ነኝ አለ። ጀልባህ በዚያ ሌሊት ትመለስ ነበር ወይ አለው፤ አትመለስም አለ። ታዲያ ለምን አሰርካት አለው። ኔድ ካቲንግ ከኋላ ወንበር ላይ ሆኖ ሊነሣ ሲል ፓስክ ዘወር ብሎ አየው፤ ኔድ ተመልሶ ተቀመጠ። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። ከዚያ ፓስክ «አሰርኳት፤ በቃ» አለ። አዳራሹ አጉረመረመ። ፍርዱ ድንገተኛ አደጋ የሚል ነበር፤ ደንብ ማፍረስ ወንጀል አይደለምና።

እኔ ግን አልተውኩትም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል የለ፤ እኔ ሁለቱንም ሆንኩ። ለጀልባ ባለቤቶች ማኅበር ጻፍኩ። ጀልባው በማትመለስበት ሌሊት ታንኳ አስሮ ማሰሪያ የዘጋ ሰው ከጓዳው ይውጣ፣ ማሰሪያውም ይነቀል አልኩ። አሥራ ዘጠኝ ሰው ፈረመልኝ። ስብሰባው ለቅዳሜ ኖቬምበር አራት ተቀጠረ። በእነዚያ ሳምንታት ፓስክን መጠጥ ቤት ውስጥ አጠገቡ የሚቀመጥ ጠፋ አሉ። የጀልባ ሠሪዎቹም ሳንቃውን ለመሥራት ጊዜ የለንም እያሉ አመላለሱት። በታንኳዋ ጎን ላይ አንድ ሰው በጥቁር ቀለም ክፉ ቃል ጽፎባት ነበር። ማን እንደጻፈ አላውቅም። ባውቅም አልከለክለውም ነበር።

ሐሙስ፣ ከስብሰባው ሁለት ቀን በፊት፣ ከቀትር በኋላ ኔድ ካቲንግ በጓሮ በር መጣ። ቆቡን በሁለት እጁ ያሽከረክራል። አልተቀመጠም። «ኤልሲ፣ ሜይ ላይ በአጥሩ ያልሽኝን ታስታውሻለሽ?» አለኝ። ስለ ቲማቲሙ መስሎኝ ነበር። «ስለ ልጁ ያልሽኝን» አለ።

ያን ጊዜ ታወሰኝ፣ አይሪስ። ረስቼው አልነበረም፤ ከእሱ ጋር አላያያዝኩትም እንጂ። ሌነርድ በዚያ ሰሞን ማሰሪያ አጥቶ ጉብታው ጋ አድሮ፣ እኔ እንቅልፍ አጥቼ አድሬ ነበር። ጠዋት ኔድን በአጥሩ ላይ ጠራሁትና፣ «ክፉ ነፋስ በሚሆንበት ቅዳሜ አንድ ማሰሪያ ያዝለት፤ እኔ ጠየቅኩህ ብለህ ግን ለእሱ እንዳትነግረው፤ ያፍርብኛል» አልኩት። እሺ አለ። ጎረቤት እንደሚለው ነው ያለው፤ እኔም እናት እንደምትናገረው ነው የተናገርኩት። ከዚያ ወዲያ አላነሣነውም።

ኔድ ግን ይዞት ኖሯል። በዚያ ሳምንት የነፋሱን ወሬ በሬዲዮ ሲሰማ፣ ባዶውን ያለ ማሰሪያ የፓስክ ብቻ ነውና፣ ሄዶ የኤልሲ ልጅ ቅዳሜ ይመጣል አለው። ፓስክም፣ ባዶውን ከተውነው የከተማ ሰዎች ቅዳሜ ጠዋት መጥተው ይይዙታል ብሎ ታንኳዋን አሰረበት። ለልጄ ቦታ ሊያዝለት ነበር። ልጄ ሲገባ ኔድ መድረኩ ላይ ቆሞ፣ «ያቺን ታንኳ ወደ ጎን አድርጋትና እሰር፤ ፓስክ አይቆጣም» ሊለው ነበር የተነጋገሩት። እኔ ጠየቅኩ ሳይባል፣ ሌነርድም ሳያፍር። የውሃው ሙላት ግን ነፋሱ ከኋላ ስለገፋው ልጄን አንድ ሰዓት ያህል አስቀድሞ አስገባው። ኔድ በዚያ ሰዓት ቤቱ ነበር፤ የቅዳሜ የኳስ ውጤት በሬዲዮ እየተነበበ ነበርና። እንደ ማንኛውም የስቶርሲ ወንድ። ፓስክም ጀልባው ጥገና ላይ ካለችበት ከወዲያኛው ዳር ገና አልተመለሰም። ሲመለስ ታንኳዋ ብቻዋን ናት፤ ነፋሱን ፈርቶ ቀርቷል ብሎ አሰበ። ጎህ ሲቀድ ሊኔትን ጉብታው ላይ ያያት እሱ ነው። ታንኳዋን የፈታት ወደዚያ ሊቀዝፍባት ነው። እስከ ወገቡ የራሰው ልጄን ሲፈልግ ነው።

«ለምን ዝም አላችሁ?» አልኩት። ኔድ ወደ ምድጃው እያየ፣ ፓስክ አፉን እንዳስያዘው ነገረኝ። «ልጇን ትቀብራለች፤ ይህን ደግሞ አንጨምርባትም። ሰው መጥላት ከፈለገች እኔን ትጥላ፤ እኔ ለምጄዋለሁ» ነው ያለው አለኝ። ከዚያ ሽማግሌው እያለቀሰ ወጣ። እኔ አላለቀስኩም። ምን እንዳደረግኩ ልንገርሽ? አላመንኩትም። ፓስክ ማሰሪያው ሊነቀል ሁለት ቀን ሲቀረው ልኮት ነው አልኩ። ሜይ ላይ ያልኩትን ኔድ ስለሚያውቅ፣ ሁለቱ ተቀምጠው የሸረቡት ነገር ነው አልኩ። የጥርጣሬ ጠባዩ እንዲህ ነው፤ እውነት ሲመጣበትም በር ላይ አቁሞ ከማን ጋር መጣህ ይለዋል።

ያን ምሽት ደብተሩን እንደገና ከፈትኩት፤ ለክሴ ማጠናከሪያ ፍለጋ ነበር። ከጓዳው ገጽ ጀርባ፣ በፊት ገልብጬ ያለፍኩት ቦታ፣ ሌነርድ ያደረባቸውን ማሰሪያዎች ከነቀናቸው ጽፏል። ሰባት ጊዜ የፓስክ ይላል። በሦስት ዓመት ውስጥ ሰባት ሌሊት ልጄ ያደረው በዚያ ሰው ማሰሪያ ነው። አንደኛው አጠገብ፣ «ፓስክ ማታ ሳይታሰብ ተመለሰ፤ ልለቅልህ ብለው ተኛ ብሎኝ ራሱ ወደ ሰርጡ ሄደ» የሚል አለ። ማሰሪያውን እንደ ሚስት የሚጠብቅ ሰው እንዲህ አያደርግም። ይህ ሁሉ ለሳምንታት እጄ ላይ ነበር፤ እኔ ያነበብኩት ግን የተሰመረበትን አንድ መስመር ብቻ ነው።

አርብ ወደ ፓስክ ሄድኩ። ከጀልባው ሥር ተንበርክኮ ያንኑ ሳንቃ ብቻውን ሊገጥም ይታገል ነበር። ኔድ መጥቶ የነገረኝን ነገርኩት። መዶሻውን እንኳ አላስቀመጠም። «ኔድ አርጅቷል፤ ነገር ይቀላቅላል። ታንኳዋን ያሰርኳት ማንም እንዳይነካብኝ ነው፤ እርስዎ እንደጻፉት» አለኝ። ሰባቱን ሌሊት ጠቀስኩለት። «ሚስስ ቢቪስ፣ ብርድ ነው፤ ቤትዎ ይግቡ» ብቻ አለ። ውሸት የማይችልበት ሰው ነው፤ ጆሮው ቀላ። አይሪስ፣ በሕይወቴ ሰውን በደግነት የጠረጠርኩት ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነው። ቤቴ ስደርስ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ፓስክን ስለቅቀው በእጄ የቀረው የራሴ ቃል ነበር፤ «እንዳትነግረው» ያልኩት። ኔድ ቢነግረውማ ልጄ ያፍር ነበር፣ ይቆጣኝም ነበር፣ ታንኳዋንም ወደ ጎን አድርጎ ጀልባውን አስሮ አልጋው ላይ ያድር ነበር።

ዝም ብል ማንም አያውቅብኝም ነበር። ፓስክ አይናገርም፤ ኔድም እንዳይናገር ባስምለው ይምላል። ቅዳሜ ከቀትር በኋላ በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ስብሰባው ተከፈተ። ሊቀ መንበሩ ደብዳቤዬን ሊያነብ ሲጀምር ተነሥቼ አቆምኩት። «ያቺ ታንኳ የታሰረችው ለልጄ ነው። እንድትታሰርለት የጠየቅኩት እኔ ነኝ። እንዳይነገረውም ያልኩት እኔ ነኝ» አልኩ። የአጥሩን ነገር፣ የሬዲዮውን ነገር፣ የሰባቱን ሌሊት ነገር ሁሉንም ነገርኳቸው። ፊርማቸውን የሰጡኝ አሥራ ዘጠኙም እዚያ ነበሩ።

ፓስክ ከበሩ አጠገብ ቆሞ ነበር፤ እንደ ልማዱ። «ሐዘን ነው የሚያናግራት፤ አትስሟት» አለና ሊወጣ ሲል ኔድ ካቲንግ በሩን ያዘበት። «አንተ ግትር፣ አንድ ቀን እንኳ ግባና ተቀመጥ» አለው። አንድ ሰው ከኋላ ሳቀ፤ ሌላውም ሳቀ፤ ሚስስ ትሪግ ደግሞ አለቀሰች። ሊቀ መንበሩ ደብዳቤዬን አጥፎ ኪሱ ከተተ። በማግስቱ ሁለት ጀልባ ሠሪዎች ሳንቃውን ሊገጥሙለት ሄዱ፤ ቀለሙንም ከታንኳዋ ላይ ፋቁት። እኔን ግን አንዳንዶቹ ዓይን ለዓይን አያዩኝም። ያስፈረምኳቸው እኔ፣ ያሳፈርኳቸውም እኔ፤ እውነታቸውን ነው።

ሰላም አገኘሁ ብዬ አልጽፍልሽም። ማታ ማታ አሁንም ልቤ ፍለጋ ይወጣል፤ የሬዲዮውን ጣቢያ ይጠረጥራል፣ ነፋሱን ይጠረጥራል፣ ኔድን ይጠረጥራል፤ ከዚያ ዞሮ ዞሮ ወደ እኔው ይመጣል። ጆይስ «እማዬ፣ ልጅሽ ደርቆ እንዲያድር ፈለግሽ፤ ይህ ወንጀል ከሆነ እናቶች ሁሉ ይታሰሩ» ትለኛለች። ቄሱም ተመሳሳይ ነገር አሉኝ፣ በረዘመ ቃል። እሰማቸዋለሁ። ማመን ግን ከመስማት ይዘገያል።

አንድ ነገር እለምንሻለሁ። በደብዳቤሽ «እግዜር የእጁን ይስጠው» ብለሽ የረገምሽው ሰው ሚስተር ፓስክ ነው። እርግማኑን ያሰናዳሁልሽ እኔ ነኝና፣ እባክሽ አንሺለት። ጎርደንም ለሠራተኞቹ አውርቶላቸው ከሆነ ይህንንም ያውራላቸው። የፊተኛውን ደብዳቤዬን እሳት ውስጥ ክተቺው፤ ይኸኛውን አስቀሪው።

ለጎርደን ሰላምታዬን አድርሺልኝ፤ ሳሉን ይጠንቀቅ። ማርጋሬትን ስለ ጠየቀችኝ አመስግኚልኝ፤ ከቤቱ ሁሉ እንዴት ሰጠመ ብላ የጠየቀችኝ እሷ ብቻ ናት። ፒተርን ግንባሩን ሳሚልኝ። የጎርደንን እናት፣ የማላውቃቸውን፣ በእኔ ስም እንዴት ሰነበቱ በያቸው። ጆይስ ሁላችሁንም በፍቅር ሰላም ትላለች።

ይህን የምታነቡ ሁሉ፣ ስትተኙ አንድ ጊዜ ልጄን አስቡልኝ። ስሙ ሌነርድ አርተር ቢቪስ ነው። የሰው ማሰሪያ ሳይነካ የሄደ ነው። አምላክ ነፋስ የማይዞርበት፣ ውሃ የማይሸሽበት ማደሪያ እንዲሰጠው ጸልዩለት፤ ጸሎታችሁንም ከእኔ አትደብቁ፣ ጸለይንለት ብላችሁ ጻፉልኝ።

እህትሽ ኤልሲ

ስቶርሲ፣ ኤሴክስ
ኖቬምበር 12 ቀን 1967